በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ዕቃ ይዞ መሳፈር፦ ባለዕቃው ምን ይጠበቅበታል?

ጠያቂ፦ የፒያሳው ተመላላሽ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ የምሠራ ሰው ነኝ። ጠዋትና ማታ በሚኒባስ ስመላለስ የምሰማው ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በታሪፍ ሳይሆን በዕቃ ነው። አንዱ ትልቅ ሻንጣውን መተላለፊያው ላይ አቁሞ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ዘሎት እንዲወርድ ያስገድደዋል፤ ሌላው ጀርባው ላይ ያንጠለጠለውን ቦርሳ ሳያወርድ በዞረ ቁጥር የሰው ፊት ይገጫል፤ ሦስተኛው ደግሞ ግማሽ ኩንታል እህል በሰው እግር ሥር ከትቶ ሲያበቃ «ትንሽ ናት፣ ቻሉኝ» ይላል። ሰው ዕቃ ይዞ መሳፈሩ አይደለም የሚያስከፋኝ፤ ባዶ እጁን የሚሄድ መንገደኛ በእኛ አገር ብርቅ ነው። የሚያስከፋኝ ዕቃው የት እንደሚያርፍና ስንት እንደሚከፈልበት ሳይነጋገሩ መኪናው መነሣቱ፣ ከዚያም ክርክሩ ሐረጎ ላይ፣ ጠመዝማዛው መሐል መጀመሩ ነው። ለመሆኑ ዕቃው የት መቀመጥ እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው? ወንበር ለያዘ ዕቃ የሙሉ ሰው ሒሳብ መክፈልስ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ሌላም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ። እናቴ እህቴን ለመጠየቅ በቅርቡ ወደ ጅዳ ትሄዳለች፤ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን እስከ ቦሌ አብሬያት እሄዳለሁ። በተንቀሳቃሽ ደረጃ (በኤስካሌተር) ወጥታ አታውቅም፤ እንደ እናቶቻችን ሁሉ ረጅም ቀሚስና ነጠላ ነው የምትለብሰው፤ ሻንጣዎቻችንም ከባድ ናቸው። በደረጃው ላይ የት መቆም፣ ሻንጣውንስ እንዴት መያዝ እንዳለብን፣ ከኋላ ለሚቸኩል ሰው መንገድ መልቀቅ ይገባን እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ሐረጎ ቁልቁለት

ወንድሜ፣ በዚህ መስመር ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ራሴ እነዳለሁና ከሁለቱም ወገን የማውቀውን ልንገርህ። ዕቃው የት እንደሚቀመጥ መወሰን ያለበት ሹፌሩ ነው፤ ዕቃው ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚከብድ አስቀድሞ መናገር ያለበት ግን ባለዕቃው ነው። ጠቡ የሚመጣው ሁለቱ ሥራቸውን ሲለዋወጡ ነው፤ ባለዕቃው ቦታውን ራሱ መርጦ ይጎልተዋል፤ ሹፌሩ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ ይነሣል።

ቦታ የመምረጡን ነገር ለሹፌር ተዉት የምለው ለክብሬ ብዬ አይደለም። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ይህ ሁሉ ቁልቁለት የሚያልቀው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ነው። መኪናው በከበደ ቁጥር ፍሬኑ ይግላል፤ ስለዚህ ሐረጎን የሚያውቅ ሹፌር በፍሬን ብቻ ሳይሆን በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው። ከባድ ነገር ጣራ ላይ ሲወጣ ደግሞ የመኪናው ክብደት ወደ ላይ ስለሚሄድ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት እህል፣ ሲሚንቶ፣ የብረት ዕቃና የመሳሰለው ታች ወለሉ ላይ፣ ቢቻል ከኋላው ወንበር ጀርባ ይሆናል፤ ፖርቶ መጋላው ላይ የሚወጣው ፍራሽ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ወንበርና ሌላም ቦታ የሚፈጅ ግን ቀላል ዕቃ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ «ከብዶኛልና ላይ ስቀልልኝ» ይላል።

ውስጥ የሚቀመጠውም ቢሆን መደገፊያ ሊኖረው ይገባል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር መጓዝ ማለት በየሰከንዱ 14 ሜትር ገደማ መሄድ ነው፤ መኪናው ድንገት ቢቆም ያልተደገፈው ዕቃ በያዘው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። በዚያ ፍጥነት ሰው ላይ የሚያርፍ ሻንጣ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ከተጣለ ሻንጣ አይለይም። ሹፌሩ ከጀርባው፣ ከሞተሩ በላይ ባለው ቦታ ካርቶን እንዲደረደር ካልፈቀደ ምቀኛ አትበሉት።

ስለ ሒሳብ የጠየቅኸውን በተመለከተ፣ ወንበር የያዘ ዕቃ የወንበር ሒሳብ ቢከፈልበት እኔ ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ዋናው ነገር ግን ዋጋው ዕቃው ከመሬት ሳይነሣ መነገሩ ነው። የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ከመኪናው ሒሳብ የተለየ ስለሆነ «ይህ የማን ነው? ያኛውስ?» ብለህ ለይተህ ጠይቅ። አንዴ ከተጫነ በኋላ የሚነሣ የዋጋ ክርክር ለሁለቱም ወገን ክብር የለውም። ቤንዚን በጀሪካንና የጋዝ ሲሊንደር ግን በምንም ሒሳብ ከሰው ጋር አይጫንም፤ እኔ በበኩሌ ባለቤቱ ዘመዴም ቢሆን አልጭንም።

ደግሞ መንገድ ላይ የምትወርድ ከሆነ ከመጫንህ በፊት ተናገር። የአንተ ዕቃ ከሁሉም ሥር ገብቶ፣ «ወራጅ አለ» ስትል የሰው ሁሉ ዕቃ አስፋልት ላይ መራገፍ የለበትም።

መልስ፦ የሰኞ ገበያዋ

ወንድሞቼ፣ የጻፋችሁት ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። በመናኸሪያው ጎማ ያለው ሻንጣ የያዘ ሰው ሲመጣ ረዳቱ ሮጦ ይቀበለዋል፤ ማዳበሪያ የተሸከመች ሴት ስትመጣ ግን ገና ከሩቅ «አይገባም» ትባላለች። ሁለቱ ዕቃዎች ቢመዘኑ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያዩት በተሸካሚው ልብስ ነው። እኔ የዕቃ ሒሳብ መክፈልን አልቃወምም፤ ስከፍል የኖርኩ ነኝ። የምቃወመው ሻንጣው በነፃ መተላለፊያውን ዘግቶ ሲሄድ ከሥሬ ለገባች ሽንኩርት እኔ ብቻ እንድከፍል መደረጉን ነው። ሒሳቡ በያዘው ቦታ ከሆነ ለሁሉም በያዘው ቦታ ይሁን።

ሰኞ ዕለት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በዚያ ቀን የደሴው ገበያም የባቲውም ገበያ ስለሚቆም ከገጠር የሚመጣውም ከከተማ የሚወጣውም ዕቃ ያንኑ መንገድ ይጠቀማል። ሰኞ ማለዳ በዚህ መስመር የሚሳፈር የቢሮ ሠራተኛ ዶሮና እህል ከእርሱ ጋር እንደሚጓዙ አውቆ ይሳፈር፤ ይህ ቀን የኛ ነው ለማለት እንኳ ባልደፍር፣ የኛም ነው።

ከነጋዴው በኩል የሚጠበቀውንም ልናገር፤ እኛም ነውር አናጣም። የማዳበሪያ አፍ በገመድ ብቻ ታስሮ አይበቃም፤ በመርፌ መሰፋት አለበት፤ አለበለዚያ ኩርባ ላይ ተፈትቶ ጤፉ በሰው ጫማ ውስጥ ይገባል። ቅቤና ዘይት በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ቆሞ በሚጓዝ ነገር ውስጥ ይቀመጥ። በርበሬ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የዛለ ማዳበሪያ ውስጥ ያለ በርበሬ አንድ ጊዜ ከተረገጠ መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስከ ኮምቦልቻ ሲያስነጥስ ይደርሳል፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። ዶሮ እግሯ ታስሮ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ውስጥ ትሁን፤ በክንፏ አንጠልጥሎ መያዝ ለእርሷም ሥቃይ፣ ለጎረቤትም ጣጣ ነው። ተሳፋሪውም በበኩሉ የሰው ማዳበሪያ ላይ እግሩን አይስቀል፤ ነገ የሚበላ እህል ነውና።

ልጅ ያዘለች ሴት ወይም ሽማግሌ ስትገባ ወይም ሲገቡ «ኖር» ብሎ መነሣት በወሎ ገና አልጠፋም፤ አላህ ያቆየን። ይሁን እንጂ ሰዎች ቦታውን ይለቁና ዕቃቸውን እዚያው ይተዉታል፤ አዛውንቱም ጉልበታቸውን አጣጥፈው በካርቶን ላይ ይቀመጣሉ። የሚነሣ ሰው ዕቃውንም ይዞ ይነሣ።

መልስ፦ የቴክኖሎጂ ተማሪ

ኮምቦልቻ ካለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው የምጽፈው። የጀርባ ቦርሳን ከመግባት በፊት አውርዶ በእጅ መያዝና ሲቀመጡ ጭን ላይ ማድረግ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ስለሆነ ስለ እርሱ ብዙ አልልም፤ ተማሪዎች ዋነኞቹ አጥፊዎች መሆናችንን ግን አልክድም።

በአንድ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ ልጨምር። የተቀመጠ ሰው የቆመውን ሰው ዕቃ ተቀብሎ ጭኑ ላይ መያዙ የቆየ መልካም ልማድ ነው። ዛሬ ግን በየመንገዱ ፍተሻ አለ፤ ፈታሾች «ይህ የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ የሌላ ሰው ዕቃ የያዘ ሰው ዕቃውን እንደራሱ አድርጎ ሊመልስ አይገባም። ባለቤቱም ዕቃውን ለሰው ሰጥቶ ወደ ኋላ ወንበር አይራቅ። እንዲሁም «ይህችን ኮምቦልቻ ለሚጠብቅህ ሰው ስጥልኝ» ተብሎ ከማይታወቅ ሰው የሚመጣን ፌስታል አለመቀበል እንደ ንፉግነት ሊቆጠር አይገባም፤ አደራ ማክበር የሚቻለው አደራው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

መልስ፦ ደረጃ ጠጋኙ

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የአሳንሰርና የተንቀሳቃሽ ደረጃ ጥገና እሠራለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ የቀረበ ስለመሰለኝ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ፣ ከባድ ሻንጣ የያዘ ሰው የሚሄደው በአሳንሰር ነው፤ ቦሌም አሳንሰር አለ። ይህን የምለው እናትህ አይችሉም ብዬ አይደለም፤ ልምድ ያለው ጎረምሳም ቢሆን ትልቅ ሻንጣ ይዞ ደረጃው ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ። ምክንያቱ በአሠራሩ ውስጥ ነው። የአንድ እርከን ጥልቀት ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ደረጃው በአብዛኛው በ30 ዲግሪ ያዘነብላል፤ በሰከንድም ግማሽ ሜትር ያህል ይጓዛል። ትልቅ ሻንጣ በጎማው ቆሞ እርከን ላይ ሲያርፍ ጎማዎቹ ከጠርዙ የሚርቁት በጥቂት ጣት ነው፤ ባለቤቱ ስልኩን ለማንሣት አንድ ጊዜ እጁን ከለቀቀው ወደ ታች የሚንከባለለው ከበታች በቆሙ ሰዎች ላይ ነው። እዚያ ላይ ዞር የሚባልበት ቦታ የለም፤ አንዱ ሲወድቅ ከበታቹ ያለውን ይዞት ይወድቃል። የዕቃ ጋሪና የሕፃን ጋሪም በዚሁ ምክንያት በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ አይወጡም።

አንተ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዘህ እናትህን በደረጃው ማውጣት ከፈለግህ፣ አስቀድመህ ትልቁን ሻንጣ አስረክብ። ከዚያ ደረጃው አጠገብ ስትደርሱ ከመግቢያው ጥቂት ፈንጠር ብላችሁ ቁሙና እርከኖቹ ከሥር እየተዘረጉ ሲወጡ ይመልከቱ። እርከኖቹ መጀመሪያ ላይ ጠፍጣፋ ሆነው ይመጣሉ፤ ወዲያው ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ስለዚህ እግር የሚያርፈው በቢጫ ከተሰመረው ጠርዝ ወደ ውስጥ፣ በአንዱ እርከን መሐል ላይ ነው። አንድ እጃቸው መደገፊያውን ይያዝ፤ መደገፊያው አብሮ ስለሚሄድ ሊያስደነግጣቸው ይችላልና አስቀድመህ ንገራቸው። አንተ ሲወጡ ከበታቻቸው፣ ሲወርዱም ከበታቻቸው ሁን፤ ማለትም ሲወጡ ከኋላ፣ ሲወርዱ ከፊት።

ልብሱን በተመለከተ፣ የነጠላው ጫፍ ትከሻ ላይ ተጣጥፎ ይያዝ፤ ቀሚሱም በአንድ እጅ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሰብሰብ ይበል። አደጋ የሚበዛባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በእርከኑና በጎኑ ግድግዳ መካከል ያለው ስንጥቅ፣ ሁለተኛው እርከኑ መጨረሻ ላይ የሚገባበት የማበጠሪያ ጥርስ የሚመስለው ብረት ነው። ጨርቅ፣ ያልታሰረ የጫማ ክርና ለስላሳ የላስቲክ ጫማ የሚያዙት እዚያ ነው። ከላይም ከታችም ከደረጃው ጫፍ አጠገብ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ አለ፤ ሰው ከወደቀ ወይም ልብስ ከተያዘ በመጀመሪያ የሚደረገው እርሱን መጫን ነው፤ ነገር ግን ደረጃው ሲቆም ስለሚያንገጫግጭ «መደገፊያውን ያዙ!» ብሎ ጮክ ማለት ያስፈልጋል። ለጨዋታ የሚጫኑት ልጆች አሉ፤ እነርሱን መገሠጽ የወላጅ ሥራ ነው።

ሲደርሱ መቆም የለም። ከሁሉም ሥነ ሥርዓት ይህን አስቀድማለሁ። ከኋላችሁ ያለው ሰው መቆም ቢፈልግ እንኳ ደረጃው ስለሚያመጣው መቆም አይችልም፤ እናንተ መውጫው ላይ ቆማችሁ ሻንጣ ብታስተካክሉ፣ ወይም «በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ብትወያዩ፣ በየሰከንዱ አንድ ሰው ይመጣባችኋል። ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ፣ ወደ ጎን ወጥታችሁ ተነጋገሩ።

ስለ መንገድ መልቀቁ ደግሞ፣ በለንደን ቀኙን ይዞ መቆምና ግራውን ለሚራመድ መተው የቆየ ልማድ ነው። ሆኖም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 መጨረሻና በ2016 በሆልቦርን የምድር ባቡር ጣቢያ ሰው በሁለቱም በኩል እንዲቆም ተደርጎ ሲሞከር፣ በተጨናነቀ ሰዓት ደረጃው ያሳለፈው ሰው ቁጥር ጨምሯል፤ የጣቢያው ደረጃ ረጅም ስለሆነ በእግሩ የሚወጣበት ሰው ጥቂት ነበር፤ ግራው ባዶ ሆኖ ከታች ሰልፍ ይሠራ ነበር። በጃፓን ደግሞ የሳይታማ ግዛት በ2021 ሰው በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆሞ እንጂ እየተራመደ እንዳይጠቀም የሚል ደንብ አውጥቷል። እኛ ዘንድ የጸና ልማድ ስለሌለ ለእናትህ ሲባል ማንም ሊቆጣ አይገባውም፤ ቀኙን ይዛችሁ ቁሙ፣ ቦርሳህን ግን ከጎንህ አታቁመው። ለሚቸኩል ሰው ብላችሁ ደረጃው መሐል ላይ ቦታ አትቀያየሩ፤ የቸኮለ ይታገሣል።

በመጨረሻ ልብ በል፤ ቆሞ የተበላሸ ተንቀሳቃሽ ደረጃን እንደ ተራ ደረጃ ቆጥራችሁ ሻንጣ ተሸክማችሁ አትውጡ። የእርከኖቹ ከፍታ ጫፍና ጫፉ ላይ ከመሐሉ ስለሚያንስ እግር በለመደው ልክ ሲረግጥ ይደናቀፋል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የፒያሳው ተመላላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ ስለ ማዳበሪያውና ስለ ሻንጣው የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም ጥያቄዬን ስጽፍ ማዳበሪያውን እንጂ የራሴን ላፕቶፕ ቦርሳ አላሰብኩም ነበር። ሹፌሩን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ለዕቃዬ የወንበር ሒሳብ ከከፈልኩ በኋላ ረዳቱ መንገድ ላይ ሰው አስቁሞ «ዕቃውን ጭንህ ላይ አድርገውና አስቀምጠው» ቢለኝ ምን ላድርግ? ቆሞ የቀረ ሽማግሌ ከሆነ እምቢ ማለት ይከብደኛል፤ እሺ ካልኩ ደግሞ አንድ ወንበር ሁለት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው።

መልስ፦ ሐረጎ ቁልቁለት

ይህ በእኛ ሰፈር የሚታወቅ ተንኮል ነው፤ አልክደውም። ስትከፍል «ይህ ለዕቃው ወንበር ነው» ብለህ ሌሎች ተሳፋሪዎች እየሰሙ ክፈል። ረዳቱ ሰው ካመጣ፣ ዕቃው ጭንህ ላይ የሚያርፍ ከሆነና ፈቃደኛ ከሆንህ ቦታውን ስጥ፤ ነገር ግን የከፈልከው ሒሳብ ወዲያውኑ እንዲመለስልህ ጠይቅ፤ ከአዲሱ ተሳፋሪ ሒሳብ ሲቀበል የአንተን መመለስ አለበት። ዕቃው ጭን ላይ የማያርፍ ከሆነ ችግሩ የአንተ አይደለም፤ ሽማግሌውን ትርፍ አድርጎ ለመጫን የፈለገው ረዳቱ ስለሆነ ነገሩን ለሹፌሩ ንገረው እንጂ ከሽማግሌው ጋር አትነጋገርበት። እርሳቸው ወንበር እንዳለ ተነግሯቸው ነው የገቡት።

መልስ፦ የሰኞ ገበያዋ

እኔ እንኳ ሽማግሌ ከሆኑ ሒሳቡንም አልጠይቅም ነበር። ጎረምሳ ከሆነ ግን ሹፌሩ እንዳለው አድርግ።

መልስ፦ ደረጃ ጠጋኙ

አንድ የረሳሁትን ልጨምር። ወደ ኮምቦልቻ የሚበርረው አውሮፕላን ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከሆነ፣ ከመቀመጫው በላይ ያለው የዕቃ ሣጥን ጠባብ ነው፤ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቀደው የእጅ ሻንጣም 7 ኪሎ ነው። የእናትህን መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ነጠላ በትንሿ ቦርሳ አድርግና ሌላውን ከኮምቦልቻ ስትነሡ አስረክብ። መራመድ ካደከማቸው ደግሞ ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር እንዲዘጋጅላቸው አስመዝግብ፤ በዊልቸር የሚሄድ መንገደኛ በአሳንሰር ስለሚወሰድ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ላይ መውጣትም አይጠበቅባቸውም።